ዝም ያላሉት አስታራቂ፤ ቄስ ጉዲና ቱምሳ

ለዚህ ቡለቲን የአንድ ሟች ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ ጻፉ ስንባል ክፍላችን ውስጥ አብዛኛው ልጅ ያነሳው ያው የተለመደውን ስም ነው፤ ንጉሥ፣ የጦር መሪ፣ ደራሲ፣ ሯጭ። እኔ ቄስ ጉዲና ቱምሳን መረጥኩ ስል አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ ሰውየው ፖለቲከኛ ነበሩ ወይስ ሰባኪ ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የሱ ብቻ አይደለም። የደርግ የጸጥታ ሰዎችም ያንኑ ጥያቄ ጠይቀው መልሱን በራሳቸው መንገድ ሰጥተውታል።

የኔ መልስ ከሁለቱም ትንሽ ይለያል። ቄስ ጉዲና የቤተክርስቲያን አስታራቂ ነበሩ እላለሁ። መቼም አስታራቂ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ጋቢውን ደርቦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሁለቱንም ወገን ተዉ እያለ የሚያባብል ሽማግሌ ነው። በየአጥቢያችንም የምናየው ይኸው ነው። እኔ በማገለግልበት አጥቢያ መዘምራንና ሽማግሌዎች በአንድ ኪቦርድ ምክንያት ተኳርፈው አንድ ዓመት ሙሉ ሲቆዩ፣ የተገኘው መፍትሔ ስለ ጉዳዩ ማንም እንዳያነሳ መስማማት ነበር። ሰላም ወረደ ተባለ። ኪቦርዱ እስካሁን ተቆልፎበታል። የቄስ ጉዲናን ታሪክ ሳነብ የገረመኝ እሳቸው እንደዚህ ዓይነቱን ሰላም አለመፈለጋቸው ነው።

ቄስ ጉዲና የተወለዱት ሚያዝያ 27 ቀን 1921 ዓ.ም. በወለጋ፣ ቦጂ በሚባል ቦታ ነው። ቦጂ በኢትዮጵያ ወንጌላውያን ታሪክ ስሟ የሚነሳ ቦታ ናት። ከሐማሴን የመጡት፣ በኦርቶዶክስ ቤተክህነት ትምህርት ያደጉት ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ በ1890ዎቹ መግቢያ ገደማ እዚያ ደርሰው ሲያስተምሩ ነበር። ይህንን የማነሳው ወንጌላዊ እምነት ሲባል ፈረንጅ ያመጣው ነገር ብቻ አድርገን የምናወራ ስላለን ነው። በቦጂ በኩል ካየነው መጀመሪያ ያመጣው አንድ ትግርኛ ተናጋሪ ቄስ ሲሆን፣ የተቀበለው ደግሞ የኦሮሞ ገበሬ ነው። ብሔርና ቋንቋ የማይገድበው ዝምድና ለቄስ ጉዲና ከሴሚናሪ የተማሩት ነገር ሳይሆን የተወለዱበት ሰፈር ታሪክ ነበር ማለት ይቻላል።

በነጆ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ወደ ነቀምቴ ሄዱ። በዚያ በሚሲዮኑ በሚተዳደረው ተፈሪ መኮንን ሆስፒታል መጀመሪያ የሠሩት ዝቅተኛ የጉልበት ሥራ ነው፤ መስኮት መወልወልም ነበረበት። ቀስ በቀስ ሠልጥነው በቀዶ ሕክምና ክፍል ድሬሰር ሆኑ፤ ለውጭ አገር ሐኪምም ያስተረጉሙ ነበር። ማስተርጎም የሚለው ሥራ እኔን በጣም ይስበኛል። በሽተኛው የሚያወራው ሌላ፣ ሐኪሙ የሚያወራው ሌላ፣ አስተርጓሚው መሀል ላይ ቆሞ የአንዱን ሕመም ለሌላው ያደርሳል። ከቀነሰ ሰው ይሞታል፣ ከጨመረም ይሞታል። ቄስ ጉዲና ኋላ በቤተክርስቲያናቸውና በውጭ ለጋሾች፣ በሽማግሌዎችና በወጣቶች መሀል ሲቆሙ ይኸው ልምድ ሳይጠቅማቸው አልቀረም።

በ1943 ዓ.ም. ወይዘሮ ጸሐይ ቶሎሳን አገቡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሆስፒታሉን ሥራ ትተው ለአገልግሎት ተማሩና በ1950 ዓ.ም. ቅስና ተቀበሉ። በዚያ ዘመን ሠልጣኝ ድሬሰር ማለት በከተማው የሚከበር፣ ደመወዙም የታወቀ ሰው ነው። የገጠር ቤተክርስቲያን ቄስ ደግሞ ምዕመኑ በሚሰጠው ላይ ተስፋ አድርጎ የሚኖር ነው። ቤተሰብ ይዞ እንዲህ ዓይነት ለውጥ ማድረግ ቀልድ አይደለም።

ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በይፋ ተመሠረተች። የምዕመናኑ ቁጥር ያን ጊዜ 20 ሺህ ያህል ነበር። በወረቀት ላይ አንድ ቤተክርስቲያን ተባለ እንጂ በተግባር የሚሲዮኖች ስብስብ ነበር። በወለጋና በአዲስ አበባ ስዊድኖች፣ በዓይራ ጀርመኖች፣ በሲዳሞ ኖርዌጂያኖች፣ በባሌ ዴንማርኮች፣ በኮንሶ አይስላንዶች፣ በወሎ አሜሪካኖች ሠርተዋል። ሁሉም ሉተራን ናቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱን መዝሙር፣ የራሱን ሥርዓት፣ የራሱን ኩራት ይዞ ነው የመጣው። ስለዚህ አንዱ ኢትዮጵያዊ ምዕመን ከሌላው ኢትዮጵያዊ ምዕመን ጋር የሚለያየው ፈረንጆቹ አገራቸው ውስጥ በተለያዩበት ነገር ሆኖ ይገኛል። ያስቃል፤ ያሳዝናልም።

ቄስ ጉዲና ከ1955 እስከ 1958 ዓ.ም. ድረስ በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ በሉተር ሴሚናሪ ተማሩ። ወቅቱ አሜሪካ በጥቁሮች የመብት ትግል የምትናጥበት፣ ቤተክርስቲያንም በዘር ጉዳይ ላይ ዝም ልበል ወይስ ልናገር እያለች የምትጨነቅበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ተመልሰው የቤተክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ፕሬዚዳንቱ በንጉሡ መንግሥት ሚኒስትር የነበሩት አቶ አማኑኤል አብርሃም ናቸው። ፕሬዚዳንቱ የመንግሥት ሥራ ስላለባቸው የዕለት ተዕለቱ ሸክም በዋና ጸሐፊው ጫንቃ ላይ ያርፋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ስለ ቄስ ጉዲና የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የሚጀምረው ከአሟሟታቸው ነው። እሳቸው ግን 13 ዓመት ያህል ያሳለፉት በቢሮ፣ በስብሰባና በመንገድ ላይ ነው። ቃለ ጉባኤ ማንበብ፣ በጀት ማከፋፈል፣ የተጣሉትን ሲኖዶስና ሚሲዮን ማነጋገር። ጋዜጠኛ የማይዘግበው ሥራ ነው። በ1961 ዓ.ም. የከምባታ ወንጌላዊት ቤተክርስቲያን ወደ መካነ ኢየሱስ ተቀላቀለች። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ከፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን የተገኘችው፣ በደምቢ ዶሎና በሌሎች የምዕራብ አካባቢዎች ሥር የነበራት የቤቴል ወንጌላዊት ቤተክርስቲያን ከመካነ ኢየሱስ ጋር አንድ ሆነች። ሉተራንና ፕሬስቢቴሪያን በአውሮፓ ለመቶዎች ዓመታት በየፊናቸው የኖሩ ናቸው። ስለ ጌታ እራት ያላቸው ትምህርት ይለያያል፤ አስተዳደራቸውም ይለያያል። ወለጋ ላይ ግን የአንዱ ቤተክርስቲያን ምዕመን የሌላው አማች ነው፣ ገበያቸው አንድ ነው፣ ለቅሶና ሠርጋቸው አንድ ነው። ቄስ ጉዲናና ባልደረቦቻቸው የተነሱት ከዚህ ነው። ልዩነቱን የለም አላሉም፤ ተነጋገሩበትና የቤቴል ሲኖዶሶች የራሳቸውን መልክ እንደያዙ እንዲገቡ አደረጉ።

ሌላው ፈተና ከውስጥ መጣ። በ1960ዎቹ በየከተማው ወጣቱ በመንፈስ ቅዱስ እንቅስቃሴ ተነካ። ጸሎት እየጮኹ፣ እጅ እያነሱ፣ እያጨበጨቡ መዘመር ተጀመረ። ስዊድኖች ባወረሱት ጸጥ ያለ አምልኮ ላደጉ ሽማግሌዎች ይህ ሥርዓት አልባነት ነው። ወጣቶቹ ደግሞ ሽማግሌዎቹን እንደ ሞተ እሳት ያዩአቸው ነበር። በሌሎች ቦታዎች እንዲህ ያለው ነገር በመባረር አልቋል። መካነ ኢየሱስ ግን በ1960ዎቹ መጨረሻ ጉዳዩን በጉባኤ አስጠንታ፣ ወጣቶቹን በትምህርት እየደገፈች በቤቷ ማቆየትን መረጠች። ዋና ጸሐፊው ከዚህ ውሳኔ ጎን ነበሩ። የዛሬዋን መካነ ኢየሱስ የእሁድ ጉባኤ ያየ ሰው ያ ውሳኔ ምን እንዳመጣ ለማወቅ ማስረጃ አያስፈልገውም፤ ጭብጨባው ከውጭ ይሰማል።

በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ቤተክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ላከች። ስለ ቄስ ጉዲና የሚያነሳ ሁሉ ይህንን ደብዳቤ ያነሳል፤ እውነትም የሚገባው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የምዕራብ ለጋሾች ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለውኃ ጉድጓድ ገንዘብ ለመስጠት ዝግጁ ናቸው፤ ወንጌላዊ ለማሠልጠን ወይም የጸሎት ቤት ለመሥራት ሲጠየቁ ግን ይህ ልማት አይደለም ይላሉ። በዚያው ጊዜ ቤተክርስቲያኒቱ በከፍተኛ ፍጥነት እያደገች፣ በየቦታው አስተምሩን የሚል ሕዝብ እየበዛ ነበር። ደብዳቤው ሰውን ነፍስና ሥጋ ብሎ መክፈል የለጋሾቹ ችግር እንጂ የኛ አይደለም የሚል መንፈስ ያለው ነው። የተራበ ሰው እንጀራም ይፈልጋል፣ ቃልም ይፈልጋል፤ እግዚአብሔር የፈጠረው አንድ ሰው ነው። ኋላ ሁለንተናዊ አገልግሎት የተባለው ሐሳብ ከዚህ ይመነጫል። ደብዳቤው ያስነሳው ክርክር በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ናይሮቢ ላይ ዓለም አቀፍ ጉባኤ እስከ ማስጠራት ደርሷል።

እጁን ለእርዳታ የዘረጋ ሰው ለረዳው አካል እንዲህ ሲናገር አስቡት። እኛ አገር ውስጥ እንኳ የሚሰጠንን ድርጅት ፊት ለፊት መተቸት አይታሰብም። ቄስ ጉዲና ግን ግንኙነቱን ማቋረጥንም አልፈለጉም። ያን ሰሞን በአፍሪካ የውጭ ሚሲዮናውያንና ገንዘብ ለጊዜው ይቁም የሚል ጥሪ ሲነሳ፣ እሳቸው ራስን መቻል ይገባል፣ ግን ቤተክርስቲያን አንድ አካል ስለሆነች መደጋገፏ አይቀርም የሚለውን ወገን ያዙ። ሳይጎነበሱም ሳይኮራረፉም መኖር ይቻላል እንደ ማለት ነው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው የእምነት ሰዎች ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ደርግን የተቃወሙ ይመስለናል። እንደዚያ አልነበረም። ወለጋ ውስጥ ጭሰኝነትን በዓይኑ እያየ ያደገ ሰው መሬት ለአራሹ ሲባል ለምን ይከፋዋል? መካነ ኢየሱስ በ1967 ዓ.ም. ለምዕመናኗ ባወጣችው የእረኝነት ደብዳቤ የፍትሕን ጥያቄ ተቀብላለች፤ ነገር ግን ማንኛውም ርዕዮተ ዓለም የእግዚአብሔርን ቦታ መያዝ እንደማይችል አብራ አስታውቃለች። ያቺ ሁለተኛዋ ነጥብ ናት ኋላ ዋጋ ያስከፈለችው።

መጋቢት 1969 ዓ.ም. ላይ ደርግ ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮን ወረሰ። ሬዲዮ ጣቢያው ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ከአዲስ አበባ በብዙ ቋንቋዎች ለአፍሪካና ለእስያ ያሰራጭ የነበረ ትልቅ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ጣቢያ ነው። ስሙ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተብሎ ተቀየረ። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ሰፈሩን በታክሲ ረዳት አፍ ብሥራተ ወንጌል ሲባል እንሰማዋለን እንጂ ስሙ ከየት እንደመጣ ብዙዎቻችን አናውቅም። አንድ ጣቢያ ከነማይክሮፎኑ፣ ከነስቱዲዮው በአንድ ቀን ድምፁ ሲቀየር ምን እንደሚመስል ማሰብ ለሙያችን ጥሩ ትምህርት ነው።

ቄስ ጉዲና በዚህ ጊዜ የሠሩት ሥራ እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ነው። የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አብረው የሚመክሩበት የትብብር ምክር ቤት እንዲቋቋም ከፍተኛ ጥረት አደረጉ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ወንጌላውያን በየሰፈሩ ጸረ ማርያም እየተባሉ ሲሰደቡ፣ መቀበሪያ ቦታ ሲከለከሉ የኖሩ ናቸው። ወንጌላውያኑም ቢሆኑ ስለ ኦርቶዶክስ የሚያወሩት ነገር ሁሌ ደግ አልነበረም። ሁለቱም ወገን ያለ ነውሩ አይደለም። እሳቸው ግን የጋራ መከራ ከመምጣቱ በፊት የጋራ ጠረጴዛ እንዲኖር ፈለጉ። መከራው ቀደማቸው። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነስተው ታሰሩ።

በቤታቸውም ሌላ ነገር ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ንቅናቄ ከመሩት አንዱ ሲሆኑ፣ ኋላም የኦሮሞ ነፃነት ግንባር ከመሠረቱት አንዱ ሆነው ወደ በረሃ ወጡ፤ በ1970ዎቹ መግቢያም እዚያው ሞቱ። ከአንድ ማጀት የወጡ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዱ ጠመንጃ፣ አንዱ መጽሐፍ ቅዱስ ያዙ። የመንግሥት ሰዎች ይህን ልዩነት ለማየት ትዕግሥት አልነበራቸውም። የቄስ ጉዲና መሣሪያ ግን ደብዳቤ፣ ጉባኤና ስብከት ነበር፤ ሁሉም በአደባባይ የሚታይ።

ደርግ ከእሳቸው የፈለገው አንድ ነገር ነበር። በኢትዮጵያ ቤተክርስቲያን አልተሰደደችም፣ ሰላም ነው ብለው በውጭ አገር እንዲመሰክሩለት። በዓለም አቀፍ ስብሰባ ላይ የታወቁ፣ የሚታመኑ ሰው ስለሆኑ ቃላቸው ይጠቅመው ነበር። እሺ አላሉም። እዚህ ላይ ነው አስታራቂ የሚለው ቃል ለኔ ትርጉሙ የጠራው። ሕይወታቸውን ሙሉ ሰላም ለማውረድ የሠሩ ሰው፣ ሰላም ነው ብለው እንዲናገሩ ሲጠየቁ እምቢ አሉ። የሌለውን አለ ማለት ስለሆነባቸው ነው። እኛ በየአጥቢያችን ችግር የለም እያልን ስንት ነገር እንደምንሸፍን ሳስብ ያሳፍረኛል።

በ1971 ዓ.ም. ጥቅምት መግቢያ ላይ ታሰሩ፤ ተፈቱ። በዚያው ዓመት ሁለተኛ ጊዜ ታሰሩ፤ እንደገና ተፈቱ። ወዳጆቻቸው ከዚህ በኋላ ሦስተኛው እንደማይቀር አውቀዋል። በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ አማካይነት ከአገር የሚወጡበት መንገድም ተመቻችቶ ነበር። አልሄዱም። ምዕመኖቼ እዚህ እያሉ እኔ እረኛቸው ብቻዬን አልወጣም የሚል አቋም ያዙ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። መሄድም ኃጢአት አይደለም፤ የሄዱትም ብዙ ጠቅመዋል። ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው እንዲህ ሲወስን ዋጋውን የሚከፍለው እሱ ብቻ አይደለም። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ለወይዘሮ ጸሐይ እውነተኛ አልሆንም።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ምሽት ቄስ ጉዲና አዲስ አበባ በሚገኘው የኡራኤል መካነ ኢየሱስ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ሰጥተው ከባለቤታቸው ጋር ሲወጡ የጸጥታ ሰዎች ያዟቸው። ሁለቱንም ለያይተው ወሰዷቸው። ወይዘሮ ጸሐይን ከከተማ ወጣ ባለ ቦታ ጥለዋቸው ሄዱ። ቄስ ጉዲና ግን አልተመለሱም። ዕድሜያቸው 50 ነበር። ያን ሌሊት እንደተገደሉ የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። መንግሥት አልያዝኩም፣ አላየሁም አለ። አንዳንዱ በሕይወት አሉ፣ አንዳንዱ ከአገር ወጥተዋል ይል ነበር። ሬሳው ላልተገኘ ሰው ለቅሶ መቀመጥ እንኳ አይቻልም።

ወይዘሮ ጸሐይ በ1972 ዓ.ም. ራሳቸው ታሰሩ። ክፉኛ ተገረፉ፤ ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜም በእስር ቆዩ። በታሪክ መጻሕፍት የሳቸው ነገር ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ያልፋል። እኔም ከዚህ የተሻለ አልሠራሁም፤ የተመደበልን ገጽ ግን ውስን ነው።

በውጭ አገር አንዳንድ ጸሐፊዎች ቄስ ጉዲናን የአፍሪካው ቦንሆፈር ይሏቸዋል፤ በሂትለር ዘመን በተገደለው ጀርመናዊ ፓስተር መሰየማቸው ነው። አክብሮት መሆኑ ይገባኛል፤ ስሙ ግን አይጥመኝም። አንደኛ የራሳቸው ስም ይበቃቸዋል። ሁለተኛ ቦንሆፈር አምባገነኑን ለመግደል ከተዶለተው ሴራ ጋር የተያያዘ ሰው ነው፤ የቄስ ጉዲና ወንጀል ግን ውሸት አልመሰክርም ማለት ብቻ ነበር።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. የቄስ ጉዲና አጽም በልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ተቆፍሮ ተገኘ። በዚያው በ1971 ዓ.ም. የተገደሉት የአቡነ ቴዎፍሎስ አጽምም ከዚያው ግቢ ወጣ። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲቀመጡ የተደከመላቸው የሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ሰዎች 13 ዓመት ሙሉ ማንም ሳያውቅ በአንድ ግቢ ተቀብረው ኖሩ። ፓትርያርኩ ራሳቸው ባሠሩት በጎፋ ገብርኤል ቤተክርስቲያን በክብር አረፉ። ቄስ ጉዲና ሰኔ 20 ቀን 1984 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብዙ ሕዝብ በተገኘበት ተቀበሩ። ወይዘሮ ጸሐይ በ2007 ዓ.ም. ጥቅምት ወር አረፉ።